የውሻ ቆዳ ሲታመም ምግቡ ምን ያህል እጁ አለበት?

ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ ካደረ ባለቤቱም እንቅልፍ የለውም። መዳፉን ሲልስ፣ ጆሮውን ሲያራግፍ፣ ቂጡን ወለል ላይ ሲጎትት ያየ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ሳህኑን ነው። "ዶሮው ነው" ይላል አንዱ። "ስንዴው ነው" ይላል ሌላው። "ሥጋ በዝቶበት ነው" የሚልም አይጠፋም። በዚህ መሀል ውሻው በሦስት ወር ውስጥ አራት ዓይነት ምግብ ይቀያየርለታል። ማከኩ ግን ባለበት ነው።

ግራ የሚያጋባው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ስለሚጠየቁ ነው። አንደኛው፣ ሕመሙን ያመጣው ምግቡ ነው ወይ? ሁለተኛው፣ ሕመሙ ከሌላ ቦታ ቢመጣም ምግብ ሊያግዝ ይችላል ወይ? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ለጥቂት ውሾች አዎ፣ ለአብዛኞቹ አይደለም የሚል ነው። ለሁለተኛው አዎ፣ ግን በልኩ። የእናንተ ውሻ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ደግሞ በግምት አይታወቅም። የሚታወቅበት አንድ መንገድ ብቻ አለ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

ቆዳ ከምግብ ምን ይፈልጋል?

ብዙ ይፈልጋል። የውሻ ፀጉር ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ውሻ በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ውስጥ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ቆዳና ፀጉር ሊወስዱት ይችላሉ። የላይኛው የቆዳ ሽፋን በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ረግፎ በአዲስ ይተካል። ይህ ሥራ ስለማይቋረጥ የምግብ ጉድለት ቶሎ የሚታየው ፀጉርና ቆዳ ላይ ነው።

ቅባትም ያስፈልጋል። በቆዳ ሴሎች መካከል ያለው ቦታ በቅባት የተሞላ ነው። ውሃ ከውስጥ እንዳይተን፣ አቧራና ጀርም ከውጭ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው። ለዚህ ዋናው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የኦሜጋ 6 ዓይነት ነው። የውሻ አካል ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። በአትክልት ዘይትና በዶሮ ስብ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሲጎድል ፀጉሩ ይደርቃል፣ ወዙን ያጣል፣ ፎረፎር ይበዛል። ከዚህ ሌላ ዚንክ፣ መዳብ፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ኢ እና የቢ ቫይታሚኖች እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የተሟላ ምግብ የሚበላ ጤነኛ ውሻ እነዚህን ሁሉ ቀድሞውኑ እያገኘ ነው። በላዩ ላይ ቫይታሚን መጨመር ቆዳውን የበለጠ ጤነኛ አያደርገውም። ቫይታሚን ኤ እና ዲ ሲበዙ እንዲያውም ይመርዛሉ።

ታዲያ ጉድለት የሚያጋጥመው ማን ነው? ሥጋ ብቻ ወይም የገበታ ትራፊ ብቻ የሚበላ ውሻ አንዱ ነው። ቅባቱ እስኪበላሽ ድረስ የቆየ ደረቅ ምግብ የሚሰጠውም አለ። አንጀቱ ታሞ የበላውን በደንብ የማይመጥጥም አለ። ፈጥኖ የሚያድግ የትልቅ ዝርያ ቡችላም አደጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ባለቤቱ "አጥንቱ እንዲጠነክር" ብሎ ካልሲየም ሲጨምርለት የዚንክን መመጠጥ ያውክበታል። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ዚንክን ይዞ ያስቀራል። ሳይቤሪያን ሃስኪ እና አላስካን ማላሙት የሚባሉት ዝርያዎች ደግሞ ለየት ይላሉ። አንዳንዶቹ በተፈጥሯቸው ዚንክ በደንብ አይመጥጡም። ምግባቸው የተሟላ ቢሆንም ዓይናቸውና አፋቸው ዙሪያ ወፍራም ቅርፊት ይወጣባቸዋል። እነሱን ዚንክ ያድናቸዋል፤ ልኩን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው።

ጥሬ እንቁላልም አንድ ነገር ይነገርለት። "ለፀጉሩ ጥሩ ነው" ተብሎ በየቀኑ የሚሰጡት አሉ። ጥሬው ነጩ ክፍል አቪዲን የሚባል ፕሮቲን አለው። አቪዲን ደግሞ ለቆዳ የሚያስፈልገውን ባዮቲንን ይዞ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። አንዴ ቢበላ ምንም አይሆንም፤ ልማድ ሲሆን ግን የታሰበለትን ተቃራኒ ሊሠራ ይችላል። መቀቀል ነው መፍትሔው።

ማሳከኩ ከምግብ ካልሆነ ከየት ነው?

ቀዳሚዋ ተጠርጣሪ ቁንጫ ናት። አንዳንድ ውሾች ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ናቸው፤ ለእነሱ ጥቂት ንክሻ በቂ ነው። "እኔ ቁንጫ አላየሁበትም" ማለት ብዙም ዋስትና አይሆንም። የሚያሳክከው ውሻ እየላሰና እየነከሰ ራሱ ይለቅማታልና። ከጭራው ሥር፣ ወገቡ አካባቢ ፀጉሩ ከሳሳ ግምቱ ወደ ቁንጫ ያደላል።

እከክም አለ። በዓይን በማትታይ ተባይ የሚመጣ ነው። የጆሮ ጠርዝንና ክርንን ይወዳል፤ የቤቱንም ሰው ያሳክካል። ከእነዚህ ውጭ ደግሞ አቶፒ የሚባለው የአካባቢ አለርጂ አለ። ለቤት አቧራ ተባይና ለአበባ ብናኝ ነው። ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። አብዛኞቹ ለዓመታት የሚያክኩ ውሾች እዚህ ውስጥ ናቸው። ሳያሳክከው ፀጉሩ ከግራና ከቀኝ እኩል የሚረግፍ ውሻ ካለ ደግሞ እንቅርት እጢ አልሠራ ብሎ ሊሆን ስለሚችል የሆርሞን ምርመራ ይታሰባል።

ባክቴሪያና እርሾ የሚባለው ፈንገስ በተጎዳ ቆዳ ላይ ተደርበው ይመጣሉ። ራሳቸው ያሳክካሉ፣ ይሸታሉ። ሐኪም ስለ ምግብ ከማውራቱ በፊት ቆዳውን ፍቆ፣ በማጣበቂያ ፕላስተር ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ለዚህ ነው። የቁንጫ መድኃኒትም ያዛል። ይህን ዘሎ በቀጥታ ምግብ መቀየር ጊዜ ማቃጠል ነው።

ከምግብ ጋር የተያያዘው ድርሻ ስንት ነው? ስለሚያሳክካቸው ውሾች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው በ2017 ሲታዩ ቁጥሩ ከ9 እስከ 40 በመቶ ድረስ ይለያያል። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ጥናቶች የተሠሩት ከባድ ሕመምተኞች ብቻ በሚላኩባቸው ክሊኒኮች ነው። ላይኛው ጫፍ ቢወሰድ እንኳ ከግማሽ በታች ነው።

ደግሞ አንዱ ምክንያት ሌላውን አያስቀርም። ማሳከክን እንደ ሸክም ቁጠሩት። ውሻው ትንሽ የአቧራ አለርጂ ተሸክሞ ሳያክክ ሊኖር ይችላል። በላዩ ቁንጫ ሲጨመር፣ ከዚያ የማይስማማው ምግብ ሲደረብ፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከሸክሙ አንዱን ማውረድ አንዳንዴ ብቻውን ይበቃል። ለዚህ ነው አንድ ውሻ ምግብ ተቀይሮለት በግማሽ ብቻ የሚሻለው። ምግቡ ድርሻ ነበረው፤ ግን ብቻውን አልነበረም።

የምግብ አለርጂ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የውሻው የመከላከያ ሥርዓት በምግቡ ውስጥ ያለን አንድ ነገር፣ በአብዛኛው ፕሮቲን፣ እንደ ጠላት ሲቆጥር ነው። አካሉ ያንን ፕሮቲን ለማወቅ መጀመሪያ መገናኘት አለበት። ስለዚህ "ይህን ምግብ እኮ ለሦስት ዓመት በልቶታል፣ አሁን እንዴት?" የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። አለርጂው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከለመደው ምግብ ነው።

በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ የምግብ አለርጂ የተረጋገጠባቸውን 297 ውሾች መዝገብ ተመልክቷል። የበሬ ሥጋ 34 በመቶ፣ የወተት ተዋጽኦ 17፣ ዶሮ 15፣ ስንዴ 13 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አኩሪ አተርና የበግ ሥጋ ከነዚህ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። አንድ ውሻ ለሁለትና ለሦስት ነገር አለርጂ ሊሆን ስለሚችል መቶኛዎቹ ይደራረባሉ። ይህን አይቶ "የበሬ ሥጋ መጥፎ ነው" ማለት አይቻልም። ውሾች በብዛት የሚበሉት እሱን ስለሆነ ነው ዝርዝሩን የሚመራው።

ምልክቶቹስ? ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ማሳከክ፣ በተለይ መዳፍ፣ ጆሮ፣ ብብት፣ ብሽሽትና ፊንጢጣ አካባቢ። ታክሞ ድኖ እንደገና የሚመለስ የጆሮ ኢንፌክሽን። አንድ ዓመት ሳይሞላው ወይም ካረጀ በኋላ የጀመረ ሕመም። ከቆዳው ጋር አብሮ የሚሄድ የሆድ ችግር፦ ለስላሳ ሰገራ፣ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ መውጣት፣ ጋዝ፣ ማስመለስ። ከነዚህ ሁለት ሦስቱ ከተገጣጠሙ ምግቡን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቆዳውን በማየት ብቻ ግን የምግብና የአቧራ አለርጂን መለየት አይቻልም። የሠለጠነ ሐኪምም አይችልም።

የደም ምርመራ አድርጎ መገላገል አይቻልም?

ቢቻል ደስ ባለን ነበር። በደም፣ በምራቅ፣ በፀጉር ሳይቀር የምግብ አለርጂን እናሳያለን የሚሉ ምርመራዎች ይሸጣሉ። የሚያምር ሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ ዶሮ ቀይ፣ ሩዝ አረንጓዴ። ችግሩ ምንም የሌለበት ጤነኛ ውሻም "አለርጂ ነው" የሚል ውጤት ማግኘቱ ነው። የምራቅና የፀጉሩ በተለይ ተፈትነው ወድቀዋል። በእኔ እምነት ለነሱ የሚወጣው ገንዘብ ለቀጣዩ ሥራ ቢውል ይሻላል።

ሙከራው እንዴት ይሠራል?

ስሙ የማግለል ሙከራ ነው። ውሻው ከዚህ በፊት ያልበላውን፣ ወይም አካሉ ሊያውቀው የማይችለውን ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት ይበላል። ሌላ ምንም። ለምን 8? በ5 ሳምንት ውስጥ የምግብ አለርጂ ካለባቸው ውሾች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሻላቸዋል። ወደ 8 ሳምንት ሲገፋ ከ90 በመቶ በላይ ይደርሳል። ሆድ ቀድሞ ይረጋጋል፤ ቆዳ ዘግይቶ ይከተላል። በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ የሚተው ሰው ቆዳው አንዴ እንኳ ሳይታደስ ነው የተወው።

ለምግቡ ሦስት ምርጫ አለ።

አንዱ አዲስ ፕሮቲን ነው። "አዲስ" የሚባለው ለእናንተ ውሻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ እስከዛሬ የቀመሰውን ሁሉ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ብስኩቱን፣ ማኘኪያ አጥንቱን፣ አልፎ አልፎ የሚላሰውን እርጎ ሁሉ። ድሮ በግ "የአለርጂ ምግብ" ነበር፤ ዛሬ በየከረጢቱ ስላለ ለብዙ ውሾች አዲስ አይደለም። የቅርብ ዘመዳሞችም ያሳስባሉ። የበሬ ሥጋ አለርጂ ያለበት ውሻ ለበግ ሥጋም ሊቆጣ ይችላል። ዶሮ የማይስማማው ዳክዬም ላይስማማው ይችላል።

ሁለተኛው ሃይድሮላይዝድ የሚባለው ምግብ ነው። ፕሮቲኑ በፋብሪካ በጣም ደቃቅ ተደርጎ ተሰባብሯል። የመከላከያ ሥርዓቱ ቁርጥራጩን አይቶ "ይሄ ዶሮ ነው" ማለት እንዲያቅተው ነው የታሰበው። ለብዙዎቹ ይሠራል፣ ለሁሉም ግን አይደለም። አንዳንድ የዶሮ አለርጂ ያለባቸው ውሾች ከዶሮ በተሠራ ሃይድሮላይዝድ ምግብም ያክካሉ።

ሦስተኛው ቤት የሚበስል ነው። አንድ ፕሮቲን፣ አንድ የስታርች ምግብ፣ ውሃ። ጨው የለ፣ ቅመም የለ፣ ሽንኩርት የለ። ለአዋቂ ውሻ ለሙከራው ጊዜ ይሆናል፤ ምን ይጨመርበት የሚለውን ሐኪም ይንገራችሁ። ለሚያድግ ቡችላ ግን አይመከርም። ለረጅም ጊዜማ ጭራሽ። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በመጻሕፍትና በኢንተርኔት የሚገኙ 200 የውሻ ምግብ አሠራሮችን ፈትሾ ነበር፤ 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ይጎድላቸዋል።

ከሱቅ የሚገዛ ተራ "አንድ ፕሮቲን ብቻ" የሚል ምግብስ? ለሙከራ አይሆንም። በተደጋጋሚ ሲመረመሩ ከረጢታቸው ላይ ያልተጻፈ ሥጋ ተገኝቶባቸዋል። አንድ ማሽን የዶሮውን ከሠራ በኋላ የዓሣውን ሲሠራ ቅሪቱ ይተላለፋል። ለጤነኛ ውሻ ምንም አይደለም፤ ለሙከራው ግን ገደል ነው።

ሙከራው የሚፈርሰው የት ላይ ነው?

ቤት ውስጥ ነው። ምግቡን የመረጠው ሰው ሳይሆን ሌላው ቤተሰብ ነው የሚያፈርሰው። ሕፃን ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል፤ ውሻው ከሥር ይጠብቃል። አያት "ምን ትሆናለች፣ ይቺ ትንሽ ናት" ብለው ከሳህናቸው ያቀምሱታል። በፍቅር ነው። ግን በአራተኛው ሳምንት የገባች አንዲት ቁራሽ ሥጋ ማሳከኩን ለቀናት ልትመልሰው ትችላለች። ያኔ ምግቡ አልሠራም ይባላል።

የማይጠረጠሩም አሉ። የሚታኘኩ የትልና የቁንጫ ክኒኖች ብዙዎቹ የበሬ ወይም የአሳማ ሥጋ ጣዕም አላቸው። የውሻ ጥርስ ሳሙና የዶሮ ጣዕም ይኖረዋል። የመድኃኒት እንክብል ሽፋን ብዙ ጊዜ ከእንስሳት የሚሠራ ጄላቲን ነው። ክኒን የሚደበቅበት አይብ፣ የድመቷ ሳህን፣ ቆሻሻ መጣያው፣ የጎረቤት ልግስና፤ ሁሉም ቀዳዳ ነው። የቁንጫ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ቆዳ ላይ የሚንጠባጠብ ዓይነት እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ።

ሽልማትስ ሳይሰጠው ይክረም? አይደለም። የቀኑን ምግብ ጠዋት ላይ መዝናችሁ ከፍላችሁ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጡ። ሊያቀምሰው የሚፈልግ ሁሉ ከዚያ ብቻ ይውሰድ። ልጆችም ደስ ይላቸዋል፣ አያትም አይከፉም።

ወደ አዲሱ ምግብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀይሩ፤ አለበለዚያ ተቅማጥ ይመጣና ሌላ ግራ መጋባት ይሆናል። በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ማከኩን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡት። መዳፉንና ሆዱን በስልክ ፎቶ አንሱ። ትዝታ ያታልላል፣ ፎቶ አያታልልም። በዚያው ጊዜ ኢንፌክሽን ካለ መታከም አለበት፤ ምግብ ባክቴሪያ አይገድልም። ማሳከኩ ከባድ ከሆነ ሐኪሙ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማስታገሻ ሊሰጥ ይችላል። ማስታገሻው ሙከራው ከማለቁ በፊት መቆም አለበት፤ አለዚያ የተሻለው በምግቡ ይሁን በመድኃኒቱ ማን ያውቃል?

ከተሻለው በኋላ ለምን ወደ ድሮው ምግብ ይመለሳል?

ይህ እርምጃ ነው ሁሉም የሚዘለው። ይገባኛል። ስምንት ሳምንት ተለፍቶ ውሻው ተኝቶ ሲያድር ማን ነው እንደገና ማሳከክ የሚፈልገው? ግን ሳይመለስ ሙከራው አላለቀም። በነዚያ ሳምንታት ቁንጫ ታክሟል፣ ኢንፌክሽን ታክሟል፣ ወቅቱም ተቀይሮ ይሆናል። የተሻለው በየትኛው ነው?

የድሮው ምግብ ሲመለስ፣ ምክንያቱ እሱ ከሆነ፣ ማሳከኩ በቀናት ውስጥ ወይም ቢበዛ በሁለት ሳምንት ገደማ ይመለሳል። አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ ጆሮው ይቀላል። እንደተመለሰ ወዲያው ወደ ሙከራው ምግብ መመለስ ነው። ሲረጋጋ አንድ አንድ ነገር ብቻ መጨመር፤ ለምሳሌ ለሁለት ሳምንት የተቀቀለ ዶሮ፣ ቀጥሎ የበሬ ሥጋ። በዚህ መንገድ የሚከለከለው አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ልክ ውድ ምግብ ከመግዛት ያድናል።

የድሮውን በልቶ ምንም ካልሆነስ? እሱም ትልቅ መልስ ነው። ምግቡ ነፃ ወጣ። ውሻው ዶሮውን ይብላ፤ እናንተም ፊታችሁን ወደ አቧራውና ወደ ብናኙ አዙሩ።

ምግብ ምክንያቱ ካልሆነ ምንም አይረዳም ማለት ነው?

ይረዳል። እዚህ ላይ የዓሣ ዘይት ይመጣል። በውስጡ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉ የኦሜጋ 3 ቅባቶች አሉ። ሴል ውስጥ ገብተው የሌላውን ቅባት ቦታ ይወስዳሉ። ያኛው ብግነት የሚያቀጣጥሉ ኬሚካሎች የሚሠሩበት ነው። እነዚህ ሲተኩት ብግነቱ ይለዝባል። ቦታ እስኪለዋወጡ ግን ጊዜ ይፈጃል። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ መፍረድ አይቻልም። ብቻውን አለርጂን አያድንም፤ ማሳከኩን ያቀልላል፣ አንዳንድ ውሾችም የሚወስዱትን የስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) መጠን ለመቀነስ ያስችላቸዋል። ለእኔ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ስቴሮይድ ሲቆይ ጥማት፣ ረሃብና ውፍረት ያመጣል።

ሲገዙ አንድ ነገር አስተውሉ። ብልቃጡ ፊት ላይ በትልቁ "1000 ሚሊግራም የዓሣ ዘይት" ተብሎ ይጻፋል። ከኋላ በኩል በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። በብዙ ተራ እንክብሎች ውስጥ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ሚሊግራም ነው፤ ድምሩ 300። የሚቆጠረው ይሄ ድምር ነው። ለቆዳ ችግር በሥነ ምግብ ባለሙያዎች የሚጠቀሰው መጠን ለ10 ኪሎ ውሻ በቀን ወደ 700 ሚሊግራም ኢፒኤ እና ዲኤችኤ ይመጣል። አንድ እንክብል ሰጥቶ "አልሠራለትም" የሚል ሰው ከግማሽ በታች ነበር የሰጠው። ያም ሆኖ በትንሹ ተጀምሮ ነው ወደዚያ የሚወጣው፤ በአንዴ ከተሰጠ ሆድ ያላላል። ዘይት ስለሆነም ያወፍራል። ቆሽቱ ታሞ የሚያውቅ ውሻ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጠው። ውሻው የማግለል ሙከራ ላይ ከሆነም የዓሣ ዘይቱ ሙከራው እስኪያልቅ ይቆይ።

የኮድ ጉበት ዘይት ሌላ ነገር ነው። ቫይታሚን ኤ እና ዲ አጭቆ ስለያዘ በዚህ መጠን ቢሰጥ ይጎዳል። የተልባ ዘይትስ? ኦሜጋ 3 አለው፤ ግን የውሻ አካል ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። የዓሣውን አይተካም።

ስለ እህል፣ ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ እርሾ የሚባለው እውነት ነው?

እህል የሌለበት ምግብ ለቆዳ ይሻላል የሚለው ወሬ ከገበያ የመጣ ነው። ስንዴ የማይስማማቸው ውሾች አሉ፣ ከላይ አይተናል። ግን ሥጋና ወተት ይበልጣሉ። እህሉ ወጥቶ ዶሮው ከቀረ ለዶሮ አለርጂ ላለበት ውሻ ምን ተለወጠ? ደግሞም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 በእህል ፋንታ አተር፣ ምስርና ድንች የበዛባቸው ምግቦች ከውሾች የልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ይያያዙ እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር። ምክንያትና ውጤት መሆናቸው አልተረጋገጠም። ያለ ምክንያት ግን ወደዚያ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

ጥሬ ሥጋም አለርጂን አያስቀርም። የበሬ ሥጋ ጥሬም ሆነ ብስል የበሬ ሥጋ ነው። ሳልሞኔላ ግን ለውሻውም ለቤተሰቡም ሊተርፍ ይችላል።

ሦስተኛው "ስታርችና ስኳር የቆዳውን እርሾ ይመግባል" የሚለው ነው። የውሻ ቆዳ ላይ የሚበዛው ማላሴዚያ የሚባል እርሾ የሚኖረው በቆዳው ቅባት ነው። ከሩዝ ሳህን ጋር ጉዳይ የለውም። እርሾው ከተመላለሰ ቆዳውን የሚያስቆጣ ሌላ ነገር ከሥር አለ። እሱን ፈልጉ። ለቁንጫ ተብሎ የሚሰጠው ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። እሱን በጭራሽ።

ከረጢቱን እንዴት እናንብበው?

ፊቱን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። የአሜሪካን የእንስሳት መኖ መለያ መመሪያ የሚያወጣው አፍኮ የተባለው ማኅበር ነው። በእሱ ደንብ "ከሳልመን ጋር" የተባለ ምግብ 3 በመቶ ሳልመን ቢኖረው ይበቃዋል። "የሳልመን ጣዕም" የተባለው ደግሞ ጣዕሙ ከታወቀ ዝቅተኛ መጠን እንኳ የለበትም። የቀረው ዶሮ ሊሆን ይችላል። መፈለግ ያለበት ቃል "የተሟላና የተመጣጠነ" የሚለው ነው፤ ከጎኑ ለቡችላ ወይም ለአዋቂ መሆኑ ይጻፋል። "ለቆዳና ለሚያብረቀርቅ ፀጉር" የሚለው ግን የሕመም ሕክምና ማለት አይደለም።

ሐኪም ጋር መቼ? ምን ይዞ?

ፊቱ ድንገት ካበጠ፣ ሰውነቱ ላይ እብጠት ከተረጨ፣ ለመተንፈስ ከተቸገረ በዚያው ሰዓት። ቆዳው መግል ከያዘ፣ ክፉኛ ከሸተተ፣ ጆሮው ሲነካ ከጮኸ ወይም አንገቱን ካዘነበለ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ። የቤቱ ሰው አብሮ ማከክ ከጀመረም አትቆዩ።

ስትሄዱ የበላውን ሁሉ ዝርዝር፣ የከረጢቱን ጀርባ ፎቶና የወሰደውን መድኃኒት ስም ያዙ። አንድ ጥያቄ ደግሞ ከወዲሁ አስቡበት፤ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም፦ ማከኩ ቀደመ ወይስ ሽፍታው? ቆዳው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ማከክ ከጀመረ ነገሩ ወደ አለርጂ ያደላል። ቁስሉ ቀድሞ ማከኩ ከተከተለ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈለገው ኢንፌክሽን ነው።